ደባለቅሽ የተባልኩበት ደም

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አዲስ ከተከፈቱት ካፌዎች አንዱ ገብቼ እጄን ልታጠብ ጎንበስ ስል የበረኪና ሽታ መጥቶ አፍንጫዬን ያዘኝ። ውሃው እየፈሰሰ መስታወቱ ፊት ቆሜ ቀረሁ። አስተናጋጇ ልጅ ደንግጣ፣ "እማማ፣ አመመዎት እንዴ?" አለችኝ። "ኧረ ደህና ነኝ የኔ ልጅ፤ ወጣትነቴ ሸቶኝ ነው" አልኳት። ሳቋ መጣ። ትሳቅ። የሌላው ሰው ወጣትነት ሽቶ ይሸታል፣ አሪቲ ይሸታል፤ የኔው በረኪና ነው የሚሸተው። ጠዋት ጠዋት ገና ጋዎኔን ሳልቆልፍ፣ ጥፍሬ እስኪነጣ ድረስ ጠረጴዛዬን በበረኪና ስወለውል ስንት ዓመት እንደኖርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ሰፈሩ ግን "ደም ቀጂዋ ጥሩነሽ" ነበር የሚለኝ፤ እኔም አልጠላሁትም።

ሥራ ቤታችን ከምኒልክ አደባባይ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ነበር። ደረጃው የእንጨት፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ነፋስ በመጣ ቁጥር የሚንኳኳ የጣሊያን ጊዜ ቤት። ዛሬ ብትሄዱ አታገኙትም፤ ስፍራው ሰፊ የእግረኛ መንገድና አበባ ሆኗል። አላለቅስለትም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያው ሲያፈስ ማሽኖቹን በላስቲክ የምሸፍነው እኔ ነበርኩ፤ ልቅሶ የፈለገ ሌላ ሰው ይፈልግ። መንገዱ ግን ትዝ ይለኛል። ማኪያቶ ጠጥታችሁ፣ ቦንቦሊኖ ጨምራችሁ፣ ከሁለት ከሦስት ብር ላይ ለአውቶቡስ ስሙኒ ይተርፋችሁ ነበር። ካሴት ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን በር ላይ አውጥተው አንዱ በፍቅር ዘፈን ሲያስለቅስ ሌላው እስክስታ ያስወርዳል፤ በመሃል የሚያልፍ ሰው በግራ ጆሮው እያዘነ በቀኝ ጆሮው ይጨፍራል። እኔ ደግሞ ትከሻው ስፖንጅ የገባበት ወይን ጠጅ ኮት ነበረኝ። የሰፋልኝ አባቴ ነው፤ ዶሮ ማነቂያ ልብስ ሰፊ ነበር፣ የአራዳ ወንድ ሁሉ ሱሪውን የሚያሳጥረው እሱ ዘንድ ነው። ያንን ኮት ለብሼ ቁልቁል ስወርድ የታክሲ ረዳቶቹ ጩኸታቸውን አቋርጠው፣ "ኧረ ጀነራል መጡ!" ይሉኝ ነበር ትከሻዬን አይተው። "ፋራ ሁላ!" ብያቸው አልፋለሁ።

ዘፈኑ ነው እንጂ ጊዜውስ ክፉ ጊዜ ነበር። የዕድር ጥሩምባ ሳይነፋ የሚነጋበት ቀን አልነበረም። ድንኳኑ ከአንዱ ግቢ ሳይነቀል ሌላው ግቢ ይፈልገዋል። መድኃኒቱ ገና አልገባም፤ ውጭ አገር አለ ይባላል፣ ለማን እንዳለ ግን እንጃ። በሽታውን በስሙ የሚጠራው የለም። "ሳንባ ነው"፣ "ብርድ መትቶት ነው" ይባልና ሰው ይቀበራል። እንዲህ ባለ ጊዜ ለመመርመር የሚመጣ ሰው አንበሳ ነው፤ እኔ ሁሌም እንደዚያ ነው የማያቸው። የበሩን እጀታ ከመያዛቸው በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ሕንጻውን ይዞሩታል። ከመስኮት ሆኜ አያለሁ፤ ወርቅ የሚገዙ መስለው ወርቅ ቤት ደጃፍ ቆመው ይቆዩና ሹልክ ብለው ይገባሉ።

ከገቡ በኋላ ደግሞ ስም አለ። "ስም?" ስላቸው ዞር ብለው በሩን ያያሉ። ስማቸውን ከነገሩኝ እሪ በከንቱ ድረስ ይሰማል ብለው ይፈራሉ። ሐሰተኛ ስም እንዳይሰጡ ደግሞ የሞት የሽረት ነገር ነው፤ ሞት ደጅ ቆመው መዋሸት ይከብዳቸዋል። ታዲያ ምን ዘዴ አገኙ መሰላችሁ? የክርስትና ስማቸውን ይሰጡኛል። እሱ ውሸት አይደለም፤ እግዜር የሚያውቃቸው በእሱ ነው። ከንስሐ አባታቸውና ከክርስትና እናታቸው በቀር ሰፈር ውስጥ የሚያውቀው የለም። መዝገቤን ብትገልጡት የላቦራቶሪ ሳይሆን የቅዳሴ ጸሎት ላይ የሚጠሩ ስሞች ዝርዝር ነበር የሚመስለው። ኃይለ ሥላሴ፣ ገብረ ሚካኤል፣ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ወለተ ማርያም፣ አሁንም ወለተ ማርያም። አንድ ቀን ከምሳ በፊት ብቻ ሦስት ወለተ ማርያሞች ቀድቻለሁ። መከራዬን ያመጣችብኝ ያቺ ቀን ናት።

ሥራችን መመርመር ብቻ አልነበረም። ፈቅደው ለጥናት ከሰጡት ደም ላይ የቫይረሱን ዘር እንከተል ነበር። ነገሩን ቀላል አድርጌ ልንገራችሁ። ይህ ቫይረስ አንድ መልክ ብቻ የለውም፤ ጎሳ ጎሳ አለው። ሁለት ጎሳ አንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ከተገናኘ፣ ሲባዙ ከአንዱ ግማሽ ከሌላው ግማሽ ይዞ ሦስተኛ ይወለዳል። ዲቃላ እንለዋለን። የዘር ፊደሎቹን አንብቦ ከየት ወገን እንደሆነ፣ በየት መንገድ እየተጓዘ እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። እኛ ዘንድ ንባቡን የሚሠራ ማሽን ስላልነበረ ደሙን ለይተን፣ በበረዶ አሽገን ወደ ውጭ እንልካለን፤ መልሱ ወራት ቆይቶ ይመጣል። የሥራው ኃላፊ ዶክተር ዘሪሁን ነበሩ። ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ጫማቸው አቧራ የማያውቅ፣ ለሥራቸው የሚሞቱ ሰው። ዳቦም የሚበሉት ሰዓታቸውን እያዩ ነው።

አንድ ጠዋት ከውጭ የመጣውን ወረቀት ይዘው ጠረጴዛዬ ላይ ቆሙ። ፊታቸው ጠቁሯል። "ጥሩነሽ፣ ይህ ደም ተደባልቋል" አሉኝ። ወረቀቱን አሳዩኝ። ንባቡ ግማሽ መንገድ ድረስ አንዱን ጎሳ ይሆንና፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሌላው ይዞራል። "ዲቃላ ሊሆን ይችላል እኮ፣ ዶክተር" አልኩ። መዝገቡን ገለጡና ጣታቸውን አሳረፉበት። "ሦስት ወለተ ማርያም በአንድ ቀን! ብልቃጡም ላይ ስም ጽፈሻል። የአንዷን ደም ከሌላዋ ጋር ቀላቅለሽዋል። ሌላ ምን ይሆናል?" አሉ።

እውነቱን ልናገር፣ ብልቃጥ ላይ ስም መጻፌ ጥፋት ነበር። ደንቡ ቁጥር ብቻ ይላል። እኔ ግን ቁጥር ብቻ ስጽፍ ሰውየው አስቀድሞ የሞተ ይመስለኝ ስለነበር ከቁጥሩ ጎን ስማቸውንም እጽፋለሁ። ቁጥሩ ግን አልተሳሳተም! አንዱን ብልቃጥ ከድኜ፣ መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ፣ እጄን ታጥቤ ካልተመለስኩ ሌላውን አልነካም። እናቴ ብትሞት እንኳ ያንን ሥርዓት አላፈርስም ነበር። ይህን ብናገር ማን ይሰማኛል? "የሚቀጥለው ጭነት እስኪሄድ ጊዜ እሰጥሻለሁ፤ ማስረጃ ካላመጣሽ ግን ደም ከመቅዳት ትነሻለሽ፣ ደብዳቤም እጽፋለሁ" አሉኝ። እንደዚያ ያለ ደብዳቤ ተጽፎብኝ አዲስ አበባ ውስጥ የትኛው ላቦራቶሪ ሊቀጥረኝ? "ደም ደባላቂዋ ጥሩነሽ" እባላለሁ። ስሜም እንጀራዬም በአንድ ብልቃጥ ላይ ተንጠለጠለ።

በቀጥታ ወደ አባቴ ሄድኩ። የስፌት መኪናውን አቁሞ፣ መነጽሩን አውልቆ እስክጨርስ አዳመጠኝ። ያ ቀልደኛ አፉ ያን ቀን አልቀለደም። ስለ ጎሳውም ስለ ዲቃላውም በደንብ አድርጌ ነገርኩት። ከዚያ፣ "ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ይታወቃል?" አለኝ። "ይታወቃል፣ ከዚህኛው ፊደል ላይ ነው ይላል" አልኩት። "እንግዲያው ቀላል ነው። ያቺን ሴት ድጋሚ ቅጂያት። ጨርቅ በአጋጣሚ ከተቀደደ ሁለተኛ ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ አይቀደድም። መገጣጠሚያው እዚያው ቦታ ላይ ከተገኘ ሰፊው አንቺ አይደለሽም" አለኝ። አይ አባቴ! ስንት ዓመት ተምሬ ያልመጣልኝን በመቀስ ቆርጦ ሰጠኝ። እዚያው በተበጣጠሰው ጨርቅ መሃል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ የደስታም የፍርሃትም ልቅሶ ነበር።

ከሦስቱ የትኛዋ እንደሆነች በብልቃጡ ቁጥር አውቄያታለሁ፤ ሴትዮዋን ማግኘቱ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ቀጠሮዋን ትታ ቀርታለች። ታማሚን ቤቱ ድረስ ሄዶ መፈለግ ደግሞ በፍጹም ክልክል ነው። ይህን ደንብ እኔም አምንበታለሁ፤ የላቦራቶሪ ሰው ደጇ ላይ ከታየ ሰፈሩ በማግስቱ ይጨርሳታል። ስለዚህ ማንንም አልጠየቅሁም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ደም ስቀዳት እንዳትፈራ ብዬ አዋራት ስለነበር፣ ወር በገባ በሰባት ሥላሴን ሳትሳለም ቀርታ እንደማታውቅ ነግራኛለች። እኔም ወር በገባ በሰባት ወይን ጠጁን ኮቴን ለብሼ ሥላሴ ሄድኩ። አልፈለግኋትም። ከበሩ ገባ ብሎ ካለው ዛፍ ሥር ሁሉም የሚያየኝ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ትየኝ፤ ከፈለገች ትምጣ፣ ካልፈለገች ትለፍ አልኩ። አየችኝ። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ አለፈች። ተነስቼ ልከተላት እግሬ እንዴት እንደበላኝ! አልተነሳሁም። ያን ወር ዶክተር ዘሪሁንን በዓይኔም አላየኋቸውም፣ በኮሪደሩ ሲመጡ ሽንት ቤት እገባለሁ።

በሚቀጥለው ወር በሰባት እዚያው ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ጭነቱ ሊሄድ ሳምንት ቀርቶታል። ቅዳሴ አልቆ ሰው ሲበተን አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። ሠላሳ ምናምን ዓመቷ ነው፤ ትልቅ ዓይን አላት፣ ጉንጯ ግን ገብቷል።

"እኔን ፍለጋ ነው የምትመጪው?" አለችኝ ወደ ፊት ለፊት እያየች።

"አይደለም እትዬ። እንድታገኚኝ ነው የምመጣው።"

"ይህ ምን ልዩነት አለው?"

"አንቺ ካልመጣሽ እኔ ወዳንቺ አልመጣም።"

ትንሽ ፈገግ አለች። ሁሉንም ነገርኳት፣ አንድም አልደበቅሁ። ደምሽ ሁለት ዓይነት ሆኖ ተገኘ፣ እኔ ደባለቅሽ ተባልኩ፣ አንድ ጊዜ ደግመሽ ብትሰጪኝ እውነቱ ይወጣል፤ እምቢ ካልሽም ቅር አልልም አልኳት። እምቢ ብትለኝ ቅር ማለት ቀርቶ አለቅስ ነበር፣ ግን እንዲያ አልኳት።

"ደባልቀሻል?" አለችኝ ዓይን ዓይኔን እያየች።

"በሥላሴ ስም! አልደባለቅሁም።"

"እኔስ አምኜሻለሁ። ሁለት ዓይነት መሆኑማ ምን ይገርማል? ባሌ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና በሄደበት መንገድ ሁሉ ቤት ነበረው። የሰሜኑንም የደቡቡንም ጭኖ እኔ ደጅ ላይ አራገፈው" አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ጊዜ በዚያ ነገር መሳቅ ነውር ነው፤ ግን ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ቀጠሮ ቀርታ የነበረው ለምን እንደሆነም ያኔ ነገረችኝ። ጎረቤቷ ወርቅ ቤት ደጃፍ ስታያት፣ "ወርቅ ልትገዢ ነው?" ብላ ጠይቃታለች። በማግስቱ ዕቁብተኞቿ ሁሉ፣ "የደረሰሽን ዕቁብ በወርቅ ለወጥሽው አሉ" ይሏት ጀመር። በበሽታ ከምታማ በወርቅ መታማቷን መርጣ፣ ሰው እንዳያጣራ ከዚያ መንገድ ቀረች።

በማግስቱ መጣች። ዶክተር ዘሪሁንን፣ "እርስዎ ቆመው ይዩ" አልኳቸው። በራሳቸው እጅ ቁጥር ጻፉ፣ ስም የሚባል ነገር የለም። ቀዳኋት፤ ከደንኩ፤ ታጠብኩ። በክንዷ ላይ ጥጡን ይዛ፣ "መልሱ ሲመጣ እኔም መስማት አለብኝ። የኔ ደም ነው እኮ!" አለቻቸው። እሳቸውም ተስማሙ፤ ከዚያ ወዲህ በየወሩ ከሥላሴ ስትመለስ መልሱን ለመጠየቅ ትመጣ ነበር።

ብልቃጡ በዚያው ጭነት ሄደ። ያ ጥበቃ እንዴት ይረዝማል! ሐምሌና ነሐሴ በላስቲክ መካከል ዝናብ እየሰማሁ አለፉ። መስከረም ገባ፣ ልጆች አደይ አበባ ይዘው አለፉ። ዶክተሩ እኔን ከደም አላነሱኝም፣ ግን ጎን ለጎን ሌላ ሰው አቁመው ያስጠብቁኛል። ሌባ የሆንኩ ይመስል! አንድ ቀን አልቻልኩምና አባቴን፣ "ባይሆንስ?" አልኩት። ክሩን በጥርሱ በጠሰና፣ "ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ካልሆነም ልጄ ነሽ፤ መኪና ልጨምርና አብረሽኝ ትሰፊያለሽ" አለኝ። ደግሞ ቀጠለ፣ "ግን እጅሽ ለስፌት አይሆንም፤ በጣም ትጠነቀቂያለሽ፤ ደንበኛ ይጠፋል።" በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆኜ አሳቀኝ።

መልሱ የመጣው በወሩ በሰባተኛው ቀን ነው። ዶክተር ዘሪሁን ከቢሯቸው ወጡ፤ ሁለቱን ወረቀቶች፣ አሮጌውንና አዲሱን፣ ጎን ለጎን ይዘዋል። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጓቸው። "ጥሩነሽ፣ መገጣጠሚያው ንቅንቅ አላለም። እዚያው ነው። እውነተኛ ዲቃላ ነው" አሉ። እሳቸው ዙሪያቸውን አዩና፣ በሩ እንዳይዘጋ የደገፍንበትን ትልቅ ድንጋይ ብድግ አድርገው ትከሻቸው ላይ ጫኑት። በሩ ድርግም ብሎ ተዘጋ። ያ ነጭ ጋዎን በጭቃ!

"ኧረ ዶክተር፣ ምን ሆነዋል?"

"የአባቴ አገር ሰው ሲበድል እንዲህ ነው የሚያደርገው። ስትሠሪ የኖርሽውን ሥራ ሳላይ ስም ቆጥሬ ፈረድኩብሽ። ይቅር በይኝ።"

"ይቅር ለእግዚአብሔር! ያውርዱት፣ ወገብዎ!" አልኩ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ "ሁሉም ፊት በይው" አሉ። ሊጠብቀኝ የቆመውን ልጅ ሳይቀር ጠርተው፣ የላቦራቶሪው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ሦስት ጊዜ ይቅር ካልኩ በኋላ ነው ድንጋዩ የወረደው። ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ ድንጋይ የተሸከመ ግን እሳቸውን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ያቺን መገጣጠሚያ ተከተልናት። አንድ ጊዜ ከአንድ ነጋዴ ደም ውስጥ፣ ሌላ ጊዜ ከአንዲት ነፍሰ ጡር ደም ውስጥ፣ እዚያው ፊደል ላይ ተሰፍታ ስናገኛት ካላንደር ጀርባ ላይ በሳልኩት ካርታ በእስክሪብቶ ነጥብ አደርጋለሁ። ነጥቦቹ የመኪና መንገዱን ይዘው ይወርዳሉ። ከማን እንደጀመረች ግን አይታወቅም፤ ማንም ማንንም ሊከስባትም አይችልም። ይህንን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እጮሃለሁ። ቫይረሱ በየት እንደሚሄድ ማወቅ የጠቀመን ቀድመን እንድንደርስበት ነው። በኋላም መድኃኒቱ በነጻ ገባ፤ "ለዲቃላውስ ይሠራል?" ብለን ተጨንቀን ነበር። ሠራ! እንዴት አድርጎ! ዛሬ ያ የዕድር ጥሩምባ እንደዚያ አይነፋም፤ ወለተ ማርያምም የልጅ ልጆቿን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ስልክም ደውላ፣ "ደም ቀጂዬ፣ አለሽ ወይ?" ትለኛለች። የዓለም ስሟን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ያን ቀን ግን ይህ ሁሉ ገና ነበር፤ መድኃኒት የለ፣ ተስፋ የለ። ከድንጋዩ ሥነ ሥርዓት ወጥቼ ወደ ግቢው ሮጥኩ። ከሥላሴ ተመልሳ አግዳሚው ላይ ተራ ከሚጠብቁት ጋር ተቀምጣለች። ሁሉም እንደ ወትሮው አንገታቸውን ደፍተው፣ ማንም ማንንም አያይም።

"እትዬ፣ መጣ። ደምሽ አልተደባለቀም። እውነትሽን ነው፣ እውነቴን ነው" አልኳት፤ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

ስለ ራሷ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር። "አንቺስ? ከእንጀራሽ አላፈናቀሉሽም?" አለችኝ።

"አላፈናቀሉኝም። ይቅርታ ጠየቁኝ እንጂ።"

ብድግ አለች። በዚያ ግቢ፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚያወራበት ግቢ፣ የሠርግ እልልታ አቀለጠችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እኔም ተቀበልኳት። አንገታቸውን የደፉት ሁሉ ቀና አሉ። አንዱ ሽማግሌ፣ "ምን ተገኘ፣ ልጄ?" ብሎ ጠየቃት።

"ደሜ መሰከረ!" አለችው።